እንደገና የታደሰ ቲ480 ላፕቶፕ እና የቆሙ ሦስት ወርኃዊ ክፍያዎች፦ ከባሕር ዳር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው ሁለት ግማሽ አለው። የመጀመሪያው አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት ይልቅ በጊዜው ውድ የነበረ የቢሮ ማሽን ያገለገለውን ገዝቶ ማደስ ነው። ሁለተኛው ከዚያው ማሽን የሚወጣውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ የፎቶ ማከማቻ አድርጎ በየወሩ በዶላር የሚቆረጠውን ክፍያ ማስቆም። ሁለቱ ተያይዘው ካልተሠሩ ከሚገኘው ቁጠባ ግማሹ ይቀራል።

ዋጋ በብር አልተጻፈም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የላፕቶፑም የወርኃዊ ክፍያውም ብር ይንቀሳቀሳል፤ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ለሚቀጥለው ወር ገዢ አይሆንም። በምትኩ መጨረሻ ላይ ከጠቅላላው ወጪ ከ100 ብር ስንቱ ለምን እንደዋለ ተቀምጧል። የኢንተርኔት አገልግሎቶቹ ዋጋ አሜሪካ የሚጠየቀው የዶላር ዋጋ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. — ሻጭ ቤት

የተመረጠው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው በገፍ ይገዙት የነበረ ማሽን ስለሆነ ያገለገለው በብዛት ይገኛል፤ መለዋወጫውም እንዲሁ። ራሙ (የሥራ ማስታወሻው) ቦርዱ ላይ የተበየደ ሳይሆን ሁለት ማስገቢያ ያለው ነው። ዲስኩ ይቀየራል። ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ያለ ካቻቪቴ በጣት ይወጣል። በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ ያደርጋል። ቀጭኑና የሚያምረው ላፕቶፕ ራሙ ከተበየደበት፣ በገዙበት ቀን የነበረው 8 ጊጋባይት ማሽኑ እስኪጣል ድረስ ያው 8 ጊጋባይት ነው። ገንዘብ የሚያስቀረው ርካሹ ዕቃ ሳይሆን ይኼ ተፈትቶ የሚቀየረው ነገር ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቲ470 ከቲ480 ጋር መንታ ይመስላል፤ ሻጩም «ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም። ቲ470 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ስላለው ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የፕሮሰሰሩ ቁጥር በ8 መጀመሩን (8250፣ 8350፣ 8550፣ 8650) ስክሪኑ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ስቲከር ይላጣል፣ ይለጠፋል፤ አይታመንም።

ሻጩ ፊት የሚደረገው ምርመራ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። «ወንድሜ፣ ሳልከፍል አጥፍቼ ላብራው፤ ባዮሱንም ልየው» ማለት ነውር የለውም። በዕቃው የሚተማመን ሰው ወንበር ስቦ ያስቀምጣል።

በመጀመሪያ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ የራሱ ማዋቀሪያ። ማሽኑ ሲነሳ ኤንተር፣ ከዚያ ኤፍ1። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ይተዋል። በቲንክፓድ ላይ የሱፐርቫይዘር የይለፍ ቃል የሳንቲም ባትሪውን በማውጣት አይጠፋም፤ አምራቹ የሚያቀርበው መፍትሔ ቦርዱን መቀየር ብቻ ነው። እዚያው ሴኪዩሪቲ ገጽ ውስጥ «ኮምፒዩትሬስ» የሚለው በርቶ ከተገኘ ማሽኑ የሆነ ድርጅት የሚከታተለው ሊሆን ይችላል። ዊንዶውሱን ሪሴት አስደርጎ ከስልክ ኢንተርኔት ጋር ማገናኘትም የግድ ነው። በማዋቀሪያው ገጽ ላይ የድርጅት ስም መጥቶ የድርጅት ኢሜይል ከጠየቀ፣ ያ ማሽን ገና ከባለቤቱ አልተፈታም።

ቀጥሎ በግራ በኩል ያሉት ሁለት የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳዎች። ቻርጀሩ በሁለቱም ተራ በተራ ይሰካል። የእኛው ማሽን በአንዱ ቻርጅ ያደርጋል፤ ተንደርቦልት በሚባለው በሌላው ፈጣን ቀዳዳ ግን አንዴ ይይዛል አንዴ ይለቃል። ይህ በዚህ ሞዴል የታወቀ ችግር ነው፦ የተንደርቦልቱ ፈርምዌር (ቺፑ ውስጥ የተጻፈው ፕሮግራም) ስህተት ስለነበረበት ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቷል። ማስተካከያው ሳይጫን ለዓመታት ከቆየ ቀዳዳው ቻርጅ ማድረግ፣ ኤችዲኤምአዩም ምስል ማውጣት ያቆማል። ጨርሶ ከሞተ ፈርምዌር አይመልሰውም፤ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ተስፋ አለው። የመጀመሪያው ቀዳዳ ደህና ስለሆነ ማሽኑ አልተተወም፤ ችግሩ ለሻጩ ታይቶ ዋጋው በዚያው ልክ ወርዷል።

የቀረው በፍጥነት አልፏል፦ ኪቦርዱ ፊደል በፊደል፣ ማጠፊያው፣ ካሜራው፣ ድምፁ፣ ስክሪኑ ነጭና ጥቁር ተደርጎ። የተገዛው፦ ኮር አይ5-8350ዩ፣ 8 ጊጋባይት ራም በአንድ ቁራጭ፣ 500 ጊጋባይት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ 1920 በ1080 ስክሪን። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) የገባለት ተመሳሳይ ማሽን ጎኑ ነበር፤ የዋጋ ልዩነቱ ግን አዲስ ኤስኤስዲ ከሚገዛበት ይበልጣል። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ለሁለተኛው ግማሽ ይፈለጋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 8 — ባትሪ

በመጀመሪያ የተጫነው የተንደርቦልት ፈርምዌር ነው። ጥንቃቄው፦ መጀመሪያ ባዮሱ መታደስ አለበት፤ ባትሪው ከግማሽ በላይ፣ ቻርጀሩም ደህና በሆነው ቀዳዳ የተሰካ ይሁን። ፈርምዌር እየተጻፈ መብራት ቢሄድ ባትሪው ካልያዘው ቀዳዳው ለዘለቄታው ይበላሻል። ከተጫነ በኋላ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ፤ ቀዳዳው ያለማቋረጥ ሦስት ሰዓት ቻርጅ አደረገ። ተስተካክሏል።

ባትሪው የሚለካው በዊንዶውስ የራሱ ሪፖርት ነው። ተርሚናሉ ላይ የ«ፓወር ሲኤፍጂ» ትእዛዝ ከ«ባተሪ ሪፖርት» ጋር ሲጻፍ አንድ ገጽ ያወጣል። የሚነበቡት ሁለት መስመሮች ናቸው፦ ሲሠራ የነበረው አቅምና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው።

የውስጡ፦ 23,950 ሚሊዋት-ሰዓት የነበረው አሁን 15,310 ይይዛል። 64 በመቶ።
የውጩ፦ 47,520 የነበረው 17,100። 36 በመቶ።

ሁለቱ ሲደመሩ 32.4 ዋት-ሰዓት ነው። ማሽኑ በጽሑፍ ሥራ ላይ ወደ 7 ዋት ስለሚወስድ 4 ሰዓት ተኩል መያዝ ነበረበት። አልያዘም። የውጩ 30 በመቶ ላይ ሳለ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ወደቀ። የደከመ ሴል የሚያሳየው ቁጥርና የሚሰጠው ጉልበት አይገናኙም።

ጥገና ቤት ከሄዱ «ሁለቱንም ቀይር» ይባላል። አያስፈልግም። ቲ480 መጀመሪያ የውጩን ይጨርሳል፣ ከዚያ ወደ ውስጡ ይሻገራል፤ የውስጡ 64 በመቶ ላይ ሆኖ የማረፊያነት ሥራውን በደንብ ይሠራል። የተቀየረው የውጩ ብቻ ነው። ሦስት መጠን አለው፦ 24፣ 48 እና 72 ዋት-ሰዓት። ትልቁ ከሥር ይወጣና ላፕቶፑን ከኋላ ያነሣዋል፤ የተገዛው መካከለኛው ነው። አዲሱ እንደመጣ ያው ሪፖርት ወጣ፤ 45,200 ሚሊዋት-ሰዓት አነበበ። አስመስለው የተሠሩ ባትሪዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጽሑፉ 48 ሆኖ ንባቡ 30 የሆነ ነው፤ ስለዚህ ሪፖርቱ ሳይታይ ሙሉ ክፍያ አይፈጸምም።

የቻርጅ ጣሪያ፦ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ለሚውል ማሽን ከ75 እስከ 80 በመቶ ይመከራል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ግን 80 ላይ መቆም ማታ ላይ ያስቆጫል፤ እዚህ 90 ላይ ተደርጓል። ቻርጀሩ 65 ዋት፣ በ20 ቮልት 3.25 አምፒር የሚሰጥ መሆኑ በጀርባው ተነብቧል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀል፣ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያው ጉልበት ነው ቻርጀር የሚያቃጥለው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10 — ራምና ዲስክ

ከመከፈቱ በፊት ባዮስ ውስጥ፣ ኮንፊግ ከዚያ ፓወር ሥር፣ የውስጡን ባትሪ የሚያጠፋው ምርጫ ተጫነ። ይህ ከተዘለለ ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ እንዳለ ነው ካቻቪቴው የሚገባው። ከዚያ የውጩ ባትሪ ወጣ፤ የታችኛው ክዳን ብሎኖች ላሉ። ብሎኖቹ ከክዳኑ አይወጡም፤ እስኪላሉ ብቻ ነው የሚዞሩት። «አልወጣ አለ» ብሎ መጎተት ክሩን ይበላዋል።

ክዳኑ የሚላቀቀው ከባትሪው ቦታ ጥግ ተነሥቶ በቀጭን ፕላስቲክ ነው። ያለቀ የሞባይል ካርድ ይበቃል። ቢላዋና ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጠርዙን ይሰብራሉ፤ በኔትወርክ ገመዱ ቀዳዳ በኩል ክሊፖቹ ቀጫጭን ስለሆኑ እዚያ ቀስ ይባላል።

ራሙ ዲዲአር4 2400 ነው። ሁለተኛው 8 ጊጋባይት ጎኑ ገባ። አሮጌውን አውጥቶ አንድ 16 መግዛት ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው፦ ያለው 8 ይባክናል፤ ደግሞም ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ሲሠሩ መንገዱ እጥፍ ስለሚሆን የራሱ የግራፊክስ ማስታወሻ የሌለው ይህ ማሽን ቪዲዮ ሲያጫውት ይቀለዋል። ማሽኑ ሲነሣ 16 ካላሳየ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ራሙ እስከ ጫፉ አልገባም፤ ሁለቱ የጎን መያዣዎች «ቀጭ» እስኪሉ ይገፋል። ሌሊቱን ራም የሚፈትሸው ሜምቴስት86 ሲሠራ አደረ። ስህተት የለም።

ዲስኩ ላይ ምርጫ ነበረ። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ለዚህ ማሽን ተጨማሪ መያዣና ገመድ ይጠይቃል፤ በዚያም ላይ የሚሠራው በግማሽ መንገድ፣ ማለትም በሁለት ሌን ብቻ ነው። ከላይ የተጻፈለትን ፍጥነት እዚህ አያገኝም። የተገዛው 512 ጊጋባይት ተራ የሳታ ኤስኤስዲ ነው፤ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ቦታ፣ በአሮጌው ገመድ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ገባ። በእጅ ለሚሠራ ሥራ ትልቁ ዝላይ ከሚሽከረከር ዲስክ ወደ ማንኛውም ኤስኤስዲ ነው፤ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ያለው ደብዳቤ ለሚጽፍና ፎቶ ለሚያስተካክል ሰው አይታወቅም።

አዲሱ ኤስኤስዲ ከመገጠሙ በፊት በዩኤስቢ ተገናኝቶ ኤች2ቴስትደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ተጻፈበት፣ ተመልሶም ተነበበ። ውሸተኛ ማከማቻ ለዊንዶውስ 512 ነኝ ይልና ከእውነተኛው አቅሙ በላይ የተጻፈውን በአሮጌው ላይ ይደርበዋል፤ ፋይሉ ስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ይህ ፈተና ለፍላሽና ለሜሞሪ ካርድም ይሠራል። በሰከንድ 20 ሜጋባይት የሚጽፍ 64 ጊጋባይት ካርድ ለመጻፍ ብቻ ወደ 53 ደቂቃ ይወስዳል፤ ሻጭ ቤት ቆሞ አይደረግም። ስለዚህ ሲገዛ «እስከ ነገ ፈትሼ ካልሆነ እመልሳለሁ» ብሎ መስማማት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከተማው ሲታጠን ዋለ። ከጠዋት ጀምሮ በየደጁ ቆሻሻ እየተሰበሰበ ይቃጠላል፤ ጥላሸቱ መስኮት ተዘግቶም ይገባል። ማቀዝቀዣው በዚህ ቀን አይከፈትም፦ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የምትገባ አንዲት ቅንጣት አመድ ፔስቱን (ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት) ታነሣዋለች። ሥራው ለነገ ተላለፈ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 — ማቀዝቀዣ

ከመፈታቱ በፊት ተለካ። ሁሉም ኮር ለ15 ደቂቃ ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን ሙቀቱ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ፤ ፍጥነቱም ከ3 ጊጋኸርዝ በላይ ጀምሮ ወደ 1.8 ወረደ። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማትረፍ ሲዘገይ ተጠቃሚው «ላፕቶፑ አርጅቷል» ይላል፤ አዲስ ለመግዛትም ያስባል። ያረጀው ግን ጥቂት ፔስት ነው።

የማቀዝቀዣው ብሎኖች አጠገብ ቁጥር ተቀርጿል። ሲፈታ ከትልቁ ቁጥር ወደ ትንሹ፣ ሲታሰር ከአንድ ጀምሮ፤ ሁሉም በትንሽ በትንሹ። አንዱን አጥብቆ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ መዳቡን ያጋድልና የፕሮሰሰሩን ጠርዝ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ክዳን የሌለው ራቁት ቺፕ ነውና። የማራገቢያው ገመድ በጥፍር ወደ ላይ ይነሣል እንጂ አይጎተትም።

ከማራገቢያው ተለይቶ መዳቡ ሲገለበጥ ችግሩ በዓይን ታየ። በማራገቢያውና በቀጫጭኖቹ የመዳብ ክንፎች መካከል፣ አየሩ በሚወጣበት አፍ ላይ፣ እንደ ነጠላ ጠርዝ የተሸመነ ግራጫ ንጣፍ ተጋድሟል። በጉጠት ከአንድ ጫፉ ሲያዝ ሙሉውን እንደ ጨርቅ ተላጠ፤ ርዝመቱ አምስት ሴንቲሜትር ገደማ። ወደ ብርሃን ሲያዝ የልብስ ቃጫ፣ ፀጉር፣ በመካከሉም የደቃቅ ነፍሳት ክንፍ ይታይበታል። ሐይቁ ዳር ማታ መብራት በርቶ መስኮት ሲከፈት የሚገባው ነፍሳት መጨረሻው እዚህ ነው። ከውጭ በአፍ «እፍ» ማለት ወይም በኮምፕረሰር መንፋት ይህን ንጣፍ አያወጣውም፤ ወደ ውስጥ ይገፋውና ይብስ ያጠብቀዋል። ኮምፕረሰሩ በዚያም ላይ ማራገቢያውን ከልኩ በላይ ያሽከረክርና ማረፊያውን ያበላሻል። ቢነፋ እንኳ ክንፎቹ በጣት ተይዘው ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ከ15 እስከ 20 በመቶ የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ሌላ አገር በዓመት አንዴ የሚባለው ጽዳት እዚህ ከክረምት በኋላና ከፋሲካ በፊት፣ ሁለት ጊዜ ቢሆን ይሻላል።

አሮጌው ፔስት እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የተጠረገው በአልኮል ነው። 99 በመቶው ካልተገኘ የፋርማሲው 70 በመቶ ይሠራል፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ ግን ከተጠረገ በኋላ ሩብ ሰዓት ይደርቅ። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ቆዳ የሚያለሰልሰው ግሊሰሪን ፊልም ሆኖ ይቀራል። አዲሱ ፔስት በትልቁ ቺፕ መካከል እንደ ሩዝ ፍሬ ረዘም ተደርጎ ተቀመጠ። መዳቡ ሲጫነው ራሱ ይሰራጫል። ብዙ ማድረግ አያቀዘቅዝም።

እንደገና ተለካ፤ ያው 15 ደቂቃ፣ ያው ክፍል። 83 ዲግሪ፣ ፍጥነቱ 2.6 ጊጋኸርዝ ላይ ጸንቶ። ማሽኑ የሚነሣበት ጊዜ ደግሞ በሃርድ ዲስኩ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የነበረው በኤስኤስዲው 14 ሰከንድ ሆኗል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 — ዊንዶውስና የመጀመሪያው ክፍያ

ዊንዶውስ 11 ከማይክሮሶፍት ገጽ በነፃ በወረደ ፍላሽ ተጫነ። ቁልፍ አልተገዛም። ከዊንዶውስ ጋር የተሸጠ ቲ480 ፈቃዱ ባዮሱ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ያው እትም (ፕሮ ከሆነ ፕሮ) እስከተጫነ ድረስ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ይነቃል። በርካሽ «የዕድሜ ልክ ቁልፍ» የሚሸጡት ብዙዎቹ ለድርጅት የተሰጠ የጅምላ ቁልፍ ናቸው፤ ድርጅቱ ሲዘጋው ይጠፋሉ። ፀረ ቫይረስም አልተገዛም፤ ዲፌንደር አብሮ አለ።

የመጀመሪያው የቆመ ክፍያ ማይክሮሶፍት 365 (ወርድና ኤክሴል ያሉበት የኦፊስ ፓኬጅ) ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የግል ፓኬጁ በወር ከ6.99 ወደ 9.99 ዶላር ከፍ ብሏል፤ በዓመት 99.99። ነባር ደንበኛ ጨርሶ መተው ካልፈለገ፣ መሰረዣውን ሲነካ የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ያልተካተተበት «ክላሲክ» ፓኬጅ በቀድሞው ዋጋ ሊቀርብለት ይችላል። ደብዳቤ፣ ሪፖርትና ቀላል ሠንጠረዥ ለሚሠራ ግን ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራም በነፃ ይበቃል። ትልልቅ ሠንጠረዥ በማክሮ የሚሠራ የሂሳብ ሰው መተው የለበትም፤ ጊዜው ከክፍያው ይበልጣል።

በአማርኛ ሥራ ላይ የሚያናድደው ፊደሉ ነው። ኒያላ በተባለው የአማርኛ ፊደል የተጻፈ የቢሮ ደብዳቤ ኒያላ በሌለበት ማሽን ሲከፈት መስመሩ ይዛነፋል፤ ማኅተሙ የሚያርፍበት ቦታ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል። ሰው ጥፋቱን በሊብሬኦፊስ ላይ ይለጥፋል። መፍትሔው ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው ሥር «ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ»ን መጫን ነው፤ ኒያላ ያለው እዚያ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክም በነፃ ይገኛሉ። ሰነድ ለሌላ ቢሮ ሲላክ ፊደሉን ከነሰነዱ አያይዞ ወይም ፒዲኤፍ አድርጎ። ጥንት ዩኒኮድ (ዛሬ የጋራ የሆነው የፊደል ኮድ) ባልሆነ የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ግን ፊደሉ ካልተጫነ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ እሱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ለብቻው ሥራ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20 — የወጣው ሃርድ ዲስክ

500 ጊጋባይቱ ዲስክ በዩኤስቢ 3 መያዣ ሳጥን ውስጥ ገባ። ዊንዶውስ 465 ብሎ ያነበዋል፤ የተሰረቀ የለም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

ማከማቻ ከመሆኑ በፊት በክሪስታልዲስክኢንፎ ጤናው ታየ። የሚታዩት ሦስት መስመሮች ናቸው፦ ሪአሎኬትድ (ተበላሽቶ የተተካ ቦታ)፣ ከረንት ፔንዲንግ (የተጠረጠረ ቦታ) እና አንኮሬክተብል (ሊታረም ያልቻለ)። ፔንዲንጉ ከዜሮ በላይ ከሆነ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለና ለፎቶ አይታመንም። የእኛው ሦስቱም ዜሮ። ቀጥሎ ሙሉ ፎርማት (ፈጣኑ ሳይሆን) በኤንቲኤፍኤስ የፋይል አደረጃጀት። ሌላው አማራጭ ኤግዝፋት ፋይል እየተጻፈ መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ ወይም ገመድ ሲነቀል ራሱን የሚያቃናበት መዝገብ የለውም። ዲስኩ ከተሰካ በኋላ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ደጋግሞ ከጀመረ መጀመሪያ ገመዱ በአጭር ይቀየር፤ ጉልበት አንሶት ሊሆን ይችላል። ገመድ ተቀይሮም ካላቆመ ወዲያው ይወገድ።

አሮጌ ዲስክ ብቻውን ማኅደር አይሆንም። ፎቶው ሁለት ቦታ ይቀመጣል፦ በዚህ ዲስክና በኤስኤስዲው ላይ በተለየ ክፍል። የማይተኩት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ካርታ፣ ዲግሪ፣ የወላጆች ፎቶ፣ ሦስተኛ ቅጂ ሆነው ጉግል በኢንተርኔት በነፃ በሚሰጠው 15 ጊጋባይት ውስጥ ይቆያሉ። ዲስኩ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይያዝም፤ ቦርሳው ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27 — ፎቶውን ማውረድ

ሁለተኛው ክፍያ ጉግል ዋን፣ ፎቶው ያለበት የኢንተርኔት ማከማቻ (ደመና) ነው። 100 ጊጋባይቱ በወር 1.99 ዶላር ነው፤ በ12 ወር 23.88። በዓመት አንዴ ከተከፈለ 19.99። መቀጠል የፈለገ ሰው ይህን ብቻ ቀይሮ 3.89 ያተርፋል፤ ከአምስት የቤተሰብ አባላት ጋር መካፈልም ይቻላል። እዚህ ግን ሙሉ በሙሉ ማቆም ነው የተፈለገው።

በደመናው ያለው 87 ጊጋባይት ነው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሠራ መስመር ያለማቋረጥ ቢወርድ ከ19 ሰዓት በላይ ነው፤ በሞባይል ጥቅል ከሆነ ቁጠባው እዚያው ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ያለው በገመድ ተገለበጠ። ከሺህ ፋይል በላይ በአንድ ጊዜ ሲጎተት ስልኩ መሃል ላይ ይቆማል፤ በወር በወር ከፋፍሎ መገልበጥ ነው። ስልክ ላይ የሌለው 31 ጊጋባይት ብቻ ቀረ፤ ሰባት ሰዓት ገደማ።

የወረደው በጉግል ቴክአውት፣ ጉግል ያከማቸውን በዚፕ ጥቅል በሚያወርደው አገልግሎት ነው። ሁሉም ምልክት ተነሥቶ ፎቶ ብቻ፣ ከፎቶም የሚፈለጉት ዓመታት ብቻ ተመረጡ። የጥቅሉ መጠን 2 ጊጋባይት ተደረገ፤ በ50 ከተደረገ መስመሩ መጨረሻው አካባቢ ሲቆረጥ ከዜሮ ይጀምራል። ማውረጃው ሊንክ ከሳምንት ገደማ በኋላ ጊዜው ያልፍበታል። እያንዳንዱ ዚፕ በሰቨን-ዚፕ «ቴስት» ተፈትሾ ሁለቱ ተበላሽተው ተገኙ፤ እነሱ ብቻ በድጋሚ ወረዱ።

ከዚፑ የወጣው ፎቶ የፋይል ቀኑ የዛሬ ሆኖ ይመጣል። ካሜራው የጻፈው ቀን ፎቶው ውስጥ አለ፤ የቀሩት ቀን አጠገባቸው በተቀመጠ የጄሰን ፋይል ውስጥ ነው፤ ኤግዚፍቱል የተባለው ፕሮግራም ይመልሰዋል። ጄሰኖቹን ቆሻሻ መስለው መደምሰስ ይህን ያጠፋል። ማህደሮቹ በፈረንጅ ዓመትና ወር ተሰይመዋል፤ ስልኩ የሚጽፈው እሱን ነውና በተራ እንዲሰለፉ። ከጎኑ የእኛው ተጨምሯል፦ «2025-01 ጥምቀት 2017»። የእኛ ብቻ ከተጻፈ መስከረም ላይ አንዱ ዓመት ለሁለት ይከፈላል።

የሚያስለቅሰው ስህተት የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ባክአፕ በርቶ እያለ ከጉግል ፎቶ ላይ የሚሰረዝ ምስል ከስልኩም ይሰረዛል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሁለቱ ቅጂዎች የፋይል ቁጥራቸው እኩል መሆኑ ይታይ፤ ከየዓመቱ ሃያ ፎቶና ቪዲዮ ይከፈት፤ ስልኩ ላይ ባክአፕ ይጥፋ፤ ከዚያ ብቻ በኮምፒዩተር ይሰረዝ። የተሰረዘው ለ60 ቀን ቅርጫት ውስጥ ይቆያል፤ ቅርጫቱ ካልተራገፈ ቦታው አይለቀቅም። ክፍያው የሚቆመው ከ15 ጊጋባይት በታች ከተወረደ በኋላ ነው። ቀድሞ ከቆመ ጂሜይሉም ስለሚሞላ ኢሜይል መቀበል ያቆማል፤ ሥራ የሚጠብቅ ሰው ላይ ይህ ከባድ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4 — ሦስተኛው ክፍያና ሂሳቡ

ሦስተኛው ስልክ ላይ በ«ነፃ ሙከራ» የተጀመረ የፎቶ ማሳመሪያ አፕ ነው። አፑ ከተሰረዘ ወራት ሆኖታል፤ ክፍያው ግን ይቆረጣል። አፕ ማጥፋት ክፍያ አያቆምም። አንድሮይድ ላይ ፕሌይ ስቶር፣ የራስ ምስል፣ ፔይመንትስ ኤንድ ሰብስክሪፕሽንስ፤ አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ የራስ ስም፣ ሰብስክሪፕሽንስ። በአይፎን የሙከራው ጊዜ ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ነው የሚሰረዘው። ካርዱ ውጭ አገር ያለ የእኅት ወይም የወንድም ከሆነ ዝርዝሩን አንድ ላይ ሆኖ ማየት ያስፈልጋል፤ እነሱ «ቤተሰብ እየተጠቀመበት ነው» ብለው ይከፍላሉ፣ እዚህ ያለው ደግሞ የቆመ ይመስለዋል።

ለማሽኑ ከወጣው ከ100 ብር፦ ላፕቶፑ ራሱ 68፣ ኤስኤስዲው 13፣ የውጩ ባትሪ 9፣ ራሙ 7፣ የዲስክ ሳጥን፣ ፔስትና አልኮል 3። የውስጡ ባትሪ፣ ኤንቪኤምኢው፣ የዊንዶውስ ቁልፍና ፀረ ቫይረሱ ተገዝተው ቢሆን ተጨማሪ ወጪ እንጂ ተጨማሪ ጥቅም አልነበራቸውም። ከቆሙት ክፍያዎች ሁለቱ ብቻ፣ ኦፊሱና ማከማቻው፣ በወር ሲከፈሉ 11.98፣ በዓመት 143.76 ዶላር ናቸው።

የባትሪ ፈተና በድጋሚ፦ በጽሑፍና በኢንተርኔት ሥራ፣ ስክሪኑ በግማሽ ብርሃን፣ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። የውጩ 6 ሰዓት ገደማ ይዞ ጨረሰ፤ ማሽኑ ሳይጠፋ ወደ ውስጡ ተሻገረ። ዲስኩ ተነቅሎ በደረቅ ቆርቆሮ ሣጥን፣ ከሲሊካ ከረጢት ጋር ተቀምጧል። በየሦስት ወሩ ተሰክቶ ሦስቱ መስመሮች ይነበባሉ፤ ቀጣዩ መጋቢት 4።